ሃያ ስድስት ጎድን

ሰው በገዛ ትምህርቱ ሲመታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በእኔ ደረሰ። ይታይሽ እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ አካፋይ፣ ስለ ብዜት፣ ስለ ብቸኛ ቁጥር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጮህ የከረምኩት ልጆቹ ፈተና እንዲያልፉ ብዬ ነበር። ለካስ ልጆቹ እቤታቸው እየገቡ ለአባቶቻቸው ሲያነበንቡት ኖሯል! አባቶቻቸው ደግሞ ከሰሙት ውስጥ የሚያመቻቸውን መርጠው ያዙና መልሰው እኔው ላይ ወረወሩት።

የጠቡ ምክንያት ቅርጫ ነው። እኛ ሰፈር ለገናና ለፋሲካ አሥራ ሁለት ቤት ሆኖ አንድ በሬ ይጥላል። ሥጋው ላስቲክ ላይ በአሥራ ሁለት መደብ ይከመራል፣ ዕጣ ይጣላል፣ እያንዳንዱ የደረሰውን መደብ አንስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሥጋ በልቻለሁ፤ የአለኸኝ ሚስት ነበርኩና። ባለፈው መስከረም ግን ተፋታን። ቤቱን ተካፈልን፣ ዕቃውን ተካፈልን፣ አንድ የተሰበረ ሬዲዮ እንኳ ስንጨቃጨቅበት ሽማግሌ ገባ። የቅርጫው መደብ ግን ማንም ሳይጠይቅ አለኸኝን ተከትሎ ሄደ። መደብ የወንድ ነዋ!

ገና ደረሰ። ጠዋት ደጄን የሚያንኳኳ በዛ። የሰፈሩ ሴቶች ሳህን በሳህን ከድነው፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘመም አድርገው፣ «ለአንቺ ነው ይታይሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ይሰጡኛል። ከዚህ ቤት የጉበት ቁራጭ፣ ከዚያ ቤት ጅማት፣ ከወዲያኛው ጨጓራ ነገር። አለኸኝም ላከልኝ! በወር በወሩ ደመወዝ የምቀበል ሴት፣ በልቼ የማድረው ያጣሁ ይመስል! ተናድጄ አለቀስኩ። መብላቱንማ በላሁት፤ ሥጋ ምን አደረገ? ግን እያላመጥኩ ማልኩ። ለፋሲካ በስሜ ዕጣ ወጥቶ፣ በእጄ መደቤን አንስቼ ካልሆነ ሥጋ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም። የአንድ ሰው ቤትም ቤት ነው።

ጾሙ አጋማሽ ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሥራ ሁለቱም ጋሽ አራጌ ግቢ ተቀምጠው ስለ በሬ ሲመክሩ ሰተት ብዬ ገባሁ። ጋሽ አራጌ የቅርጫው ዳኛ ናቸው። ዳኛ ብቻ አይደሉም፤ ቢላዋውም የሚያዘው በሳቸው እጅ ነው፣ የት እንደሚቆረጥ፣ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ያገሩ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፤ እኔም አከብራቸዋለሁ፣ ግን ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፣ ያ ያናድደኛል።

«እንዴት ዋላችሁ? እኔም አለሁበት፤ ለፋሲካ አሥራ ሦስተኛ አድርጋችሁ ቁጠሩኝ። ድርሻዬን እንደማንም እከፍላለሁ» አልኩ።

 አለኸኝ ዝንብ የገባበት ይመስል ጠላው ውስጥ ዓይኑን ተከለ። ጋሽ አራጌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልጄ፣ ደስ ባለን ነበር። ግን አሥራ ሦስት አይካፈልም።»

«ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ! የልጅ ልጄን ያስተማርሽው አንቺ አይደለሽም? አሥራ ሦስት ብቸኛ ቁጥር ነው፣ በምንም አይካፈልም እያለ ሲያነበንብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«በምንም አላልኩም! ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የለውም ነው ያልኩት። በራሱማ ይካፈላል! አሥራ ሦስት መደብ ለአሥራ ሦስት ሰው፣ አንድ ለአንድ። ምኑ ነው የሚከብደው?»

ሚሊዮን የሚባል መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን፣ አፉ የማያርፍ ልጅ አለ። «አይ ጉድ! ብቸኛ ሴት ብቸኛ ቁጥር ይዛብን መጣች» አለና ሰውን አሳቀ። የሳቁትን አንድ በአንድ አየኋቸው። የአራቱ ልጆች እኔ ዘንድ ነው የሚማሩት፤ ፈተናውንም የማርመው እኔ ነኝ። ይህንን ሲያስታውሱ ሳቃቸውን ዋጡ።

ቄስ ሞላም ከቅርጫው አባላት አንዱ ናቸው። ነገሩን በመንፈሳዊ ሊያበርዱት ፈልገው «አሥራ ሁለት እኮ የሐዋርያት ቁጥር ነው፤ የተባረከ ቁጥር ነው ልጄ» አሉ።

«አባ፣ ጌታስ የት ሄዶ ነው? ማዕዱ ላይ እሱን ጨምሮ አሥራ ሦስት አልነበሩም እንዴ?»

ቄስ ሞላ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «እሱስ... እውነት ነው።»

«ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ይሁዳ ነበር። በእናንተ ውስጥ ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።»

ሁሉም ወደ አለኸኝ ዞረ። እኔ ማንንም አልጠቆምኩም፤ ራሳቸው ናቸው የዞሩት። አለኸኝ ብድግ ብሎ «እኔ ምን አደረግኩ? ባይሆን አስገቧት፣ ይቺ ሴት አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፣ እኔን ጠይቁኝ!» ብሎ ተቀመጠ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ለእኔ ብሎ የተናገረው ትልቁ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ጳጉሜም አሥራ ሦስተኛ ናት፤ ከዓመቱ አውጧት እንግዲህ» ብዬ ጨመርኩ። አፌን አንዴ ከከፈትኩ ለመዝጋት ይቸግረኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን ጋሽ አራጌ የፈሩት ጨርሶ ከንቱ አልነበረም። የሳቸው አከፋፈል ይታወቃል። በሬውን ከአከርካሪው ላይ ለሁለት ይከፍሉታል፣ እያንዳንዱን ጎን ደግሞ ለሁለት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሩብ በዓይናቸው ለክተው ለሦስት። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ አሥራ ሁለት። ሳያውቁት የአሥራ ሁለትን አካፋዮች በቢላዋ ይጽፉ ነበር ማለት ነው። አሥራ ሦስት ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። ለሁለት ብትለው እምቢ፣ ለሦስት ብትለው እምቢ፣ ለአምስት ብትለው እምቢ። እጃቸው የለመደው መንገድ እዚያ ላይ ያልቃል።

ጋሽ አራጌ በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ። «እሺ። ለፋሲካ ነይ። ከሥጋው እስከ አጥንቱ ለአሥራ ሦስት እኩል ከደረሰ መደብሽን ታነሻለሽ፣ እስከ ዕለተ ሞትሽ ማንም አይነካብሽም። አንድ ነገር ከተረፈ ወይም ከጎደለ ግን ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ፤ ሁለተኛም ይህንን ነገር እዚህ ግቢ አታነሽም። ተስማማሽ?»

«ተስማማሁ!» አልኩ።

ከግቢው ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ ቆም አልኩ። ምን ነካኝ? በሬ እኮ ደብተር ላይ የተሰመረ ቁጥር አይደለም። አንድ አጥንት እንኳ ከተረፈ አልቆልኛል፤ ገና በመጣ ቁጥር ያንን የርኅራኄ ሳህን ስቀበል ልኖር ነው።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለፈይዛ ነገርኳት። ፈይዛ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ሙስሊም ናት፣ እነሱም ለዒድ ቅርጫ ይገባሉ። ስቃ ስቃ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና «አብሽሪ፤ ሥጋ ሰው አያጣላም» አለችኝ። «ሥጋን በቢላዋ ታሳንሽዋለሽ። ሰው የሚያጣላው አጥንት ነው፤ በተለይ ጎድን። እኛ ሰፈር አንዴ በጎድን የተነሳ ሁለት ወንድማማቾች ለዒድ ሳይሳሳሙ ቀሩ።»

«በሬ ስንት ጎድን አለው?»

«አሥራ ሦስት በቀኝ፣ አሥራ ሦስት በግራ።»

ሻዩ አፌ ውስጥ ቀረ። «ወላሂ በይ!»

«ወላሂ! አስተምረው የለም እንዴ! ሃያ ስድስት ነው።»

ጮህኩ። የታሪክ መምህሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ ምን ሆነች አለ። የሃያ ስድስት አካፋዮች እኮ አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ ሦስትና ሃያ ስድስት ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለት የለበትም! ለአሥራ ሦስት ሰው ሁለት ሁለት ጎድን ልክ ይደርሳል፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም። ችግሩ ያለው አሥራ ሁለት ሲሆኑ ነው። ሁለት ሁለት ወስደው ሁለት ይተርፋቸዋል።

ፈይዛ ቅንድቧን አነሳች። «እና ይኼን ሁሉ ዘመን የተረፉትን ሁለት ጎድኖች ማን በላቸው?»

«ማን ይሆናል?» አልኳት። «ቢላዋ የያዘው ነዋ!»

ያን ቀን ለጋሽ አራጌ የነበረኝ አክብሮት ተነነ። ለካ አሥራ ሦስት አይካፈልም ያሉኝ ለሁለት ጎድን ብለው ነው! ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለዚህ ነው! እስከ ፋሲካ ድረስ ሰላም አጣሁ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ቀሪ ሳስተምር ሁሉ የሳቸው ፊት ይመጣብኛል። ልጆቹን «ቀሪ ካለ፣ ቀሪውን የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው» ብዬ አስተማርኳቸው። መጽሐፉ እንዲህ አይልም፣ እኔ ግን ደጋግሜ አስጻፍኳቸው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጉሙ ከአባይ በኩል ወጥቶ ከተማውን ሸፍኖታል። ከወግዲ ገበያ የመጣው ቀይ በሬ ከጋሽ አራጌ ግቢ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተጣለ። ሴት እዚያ አትቆምም፤ ሴት እቤቷ ሆና ድስት ጥዳ ነው የምትጠብቀው። እኔ ቆምኩ። መደቡ የኔ ከሆነ ድስቱን ማን ይጥድልኛል? አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ግን ሁለት ወር ጎመን ሲበላ የከረመ ወንድ ሥጋ ፊቱ ላይ ተዘርግቶ ስለ ሴት ረጅም ክርክር አይገጥምም።

አሥራ ሦስት መደብ የሚሆን ላስቲክ ዘረጋን። ጋሽ አራጌ ቢላዋቸውን ይዘው ቆሙና «እሺ አስተማሪዋ፣ ከየት ልጀምር?» አሉኝ። ሊያሳፍሩኝ ነው።

«ለሁለት፣ ለአራት የሚለውን ይተዉት። ከእያንዳንዱ ብልት እየቆረጡ በየመደቡ በተራ አንድ አንድ ይጣሉ። ዙሩ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«እንደ ካርታ እደላ ነው እኮ!» አሉ ቄስ ሞላ። «አንድ ላንተ፣ አንድ ላንተ፣ ዞሮ እንደገና። የመጨረሻው ሲቀር ደግሞ...» ሁሉም አያቸው። «ሰዎች ሲጫወቱ አይቼ ነው» ብለው መስቀላቸውን አስተካከሉ።

እንደዚያው ሆነ። ሻኛው ተቆርጦ ዞረ፣ ሽንጡ ዞረ፣ ዳቢቱ ዞረ፣ ጉበቱና ጨጓራው ተከትፈው ዞሩ። የቀለለ መደብ ላይ ከከበደው እየተቀነሰ ይጨመራል። ሚሊዮን ያለማቋረጥ እየጎረሰ «ይኼ ለሚዛን ነው» ይላል። ሥጋው አልቆ ማንም ቅር አላለውም። ጎድኑ ግን ቀርቷል።

ጋሽ አራጌ መጥረቢያቸውን አነሱ። ጎድኖቹን ከአከርካሪው አንድ በአንድ እየለዩ ጣሉ፤ ሰዉ ሁሉ አብሮ በድምፅ ቆጠረ። በቀኝ አሥራ ሦስት። በግራ አሥራ ሁለት ላይ ቆጠራው ቆመ። ሚሊዮን ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርግ አንዷ ተጣብቃ ተገኘች። አሥራ ሦስት!

ሁለት ሁለት ተጣለ። አሥራ ሦስተኛው መደብ ላይ ሁለቱ ሲያርፉ በጋሽ አራጌ እጅ ምንም አልነበረም። ምንም! እልል አልኩ። ብቻዬን ነው ያልኩት፣ ይሁን። ሚሊዮን አብሮኝ ሊያጨበጭብ ሲል የጋሽ አራጌን ፊት አየና እጁን ኪሱ ከተተ።

በዚያው ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩማ! «ጋሽ አራጌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «አሥራ ሁለት ስትሆኑ ሁለት ጎድን ይተርፍ ነበር። በማን ሆድ ነው ሲገባ የኖረው?»

አንዱ «እውነትም!» አለ። ሌላው «እኔም እኮ ሁልጊዜ...» ብሎ ጀመረ።

ጋሽ አራጌ መጥረቢያውን መሬት ላይ ሰኩት።  «እኔ በልቼው አላውቅም! ይቺ የቆምኩባት መሬት ትመስክር፣ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም! ለአበቡ ነው የምወስደው። ለኪዳን ሚስት። በየበዓሉ፣ በእግሬ፣ ደጇ ድረስ! ዛሬስ ምን ልውሰድላት? ንገሪኝ እንጂ፣ ሒሳብ አዋቂዋ!»

እማማ አበቡን አውቃቸዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው አቶ ኪዳን የሞቱት እኔ ከአቀስታ ተቀጥሬ ወደዚህ ሳልመጣ ነው። ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፣ «እንዴት አደርሽ» ይሉኛል፣ በቃ።

 እያንዳንዱ የገዛ ሁለት ጎድኑን አየ፣ ከዚያ የጎረቤቱን አየ። እጁን የዘረጋ አልነበረም። ጋሽ አራጌም የራሳቸውን አንስተው «በቃ ይህን እወስድላታለሁ» አላሉም፤ ንዴታቸውን ይዘው ቆሙ እንጂ። ዕጣው ተጣለ። እያንዳንዱ የሰጠውን እንጨት፣ ቁልፍ፣ ጠጠር ሚሊዮን ዓይኑን በነጠላ ታስሮ በየመደቡ አኖረ፤ የእኔ ጠመኔ ሦስተኛው ላይ አረፈ። ሲያልሙት የከረሙትን ነገር ሲያገኙት እንዲህ ይጎመዝዛል ብሎ ማን ነገረኝ? መደቤን ዘንቢል ውስጥ ከተትኩና ወደ ቤቴ መሄዴን ትቼ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞርኩ። ሁለቱን ጎድን ልሰጣቸው ነው። ራሴ የጠላሁትን የርኅራኄ ሳህን ለሌላ ሰው ይዤ ልሄድ! ያም ሆኖ ሄድኩ።

እማማ አበቡ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ገና ሳልደርስ «ማነሽ? አራጌ ምን ሆነ? ሞተ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ናቸው እማማ። እንኳን አደረሰዎት።»

«አብሮ ያድርሰን። ጎድኖቼስ?»

እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አሥራ ሦስተኛ ሆኜ እንደገባሁ፣ ሁለት ሁለት ልክ እንደደረሰ፣ ምንም እንዳልተረፈ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ፤ ሙሉ ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አሥራ ሦስት ሆናችሁ! እንደ ድሮው!»

«የምን ድሮ?»

«ቅርጫውን የመሠረተው ኪዳን ነው አንቺ! አሥራ ሦስት ያደረገውም እሱ ነው፤ ጎድን ቆጥሮ። አጥንት እንዳያጣላን ብሎ ሰው የመረጠው በአጥንት ልክ ነው። ኪዳን ሲሞት ዐርባው እንኳ ሳይወጣ መጡ። አለቀሱ። ንፍሮዬን በሉ። ሲነሱ አራጌ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንቺ አትቸገሪ፣ እኛ እናስብሻለን አለኝ። የኪዳንን መደብ አጠፉት። ብቻዋን ያለች ሴት መደብ ምን ያደርግላታል ብለው ነዋ! ሻኛውን ለአሥራ ሁለት ተካፈሉት። ሽንጡን ተካፈሉት። ጉበቱን ተካፈሉት። ጎድኑ ላይ ሲደርሱ ሁለት እምቢ አላቸው። እምቢ ያላቸውን ለእኔ አመጡልኝ።» ሳቃቸው ቆመ። «ይኼን ሁሉ ዘመን አዝነውልኝ አይደለም የሰጡኝ ልጄ። መካፈል ያቃታቸውን ነው።»

ሰውነቴ ነደደ። በእሳቸው አይደለም፤ በራሴ፣ በጋሽ አራጌ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ። ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ አካፋይ አውቃለሁ ብዬ ሄጄ፣ ለአንዲት ሴት የቀረላትን ሁለት አጥንት ልክ አድርጌ አካፍዬባት መጣሁ። ዕንባዬ መጣ። ዘንቢሉን ገለበጥኩና መደቡን በሙሉ ሰሌኑ ላይ ዘረጋሁት።

«ለሁለት እንካፈላለን።»

«ምጽዋት አልፈልግም።»

«ምጽዋት አይደለም! ያነሳሁት የጋሽ ኪዳንን መደብ ነው። የእርስዎ ነው። አብረው የሚያስገቡኝ እርስዎ ነዎት።»

አዩኝ፣ ሥጋውን አዩ፣ እንደገና አዩኝ። ከዚያ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ሽንጡንና ጉበቱን ወደ እሳቸው ወደ እኔ እያልኩ ስከፍል ጎድኑን በጣታቸው ገፉት።

«ይኼንን አንቺው ውሰጂው። ጥርስ የለኝም። እኔ ለድመቷ ነው የምጥለው።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን ይቀበሏቸው ነበር?»

«እንዲያመጣው ነዋ! በየበዓሉ እዚህ ደጄ ላይ ያንን ፊቱን ይዞ ይቁም። መኖሬን እንዳይረሳው።»

እኔም ሳቅኩ፣ ዕንባዬም አልቆመም። ጉበቱን ጠብሼ፣ ለስለስ ያለውን መርጬ አጎረስኳቸው፤ እሳቸውም አጎረሱኝ። እየበላን ሳለ «ለገና እኔም እመጣለሁ። የራሴን ዕጣ ይዤ» አሉ። «አንቺ አሥራ ሦስተኛ ከሆንሽ እኔ አሥራ አራተኛ ነኝ። ጎድኑ ያን ጊዜ ስንት ስንት ይደርሳል?»

አፌ ውስጥ ያለውን ዋጥኩና አሰላሁ። «አንድ አንድ ይደርሰናል። አሥራ ሁለት ይተርፋል።»

«አሥራ ሁለት? እነሱ ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

ተያየን። እማማ አበቡ ጉልበታቸውን መቱ። «ኧረ በነቢ! ለእኔና ለአንቺ አንድ አንድ፣ ለእነሱ ሁለት ሁለት! ይኼንንማ አራጌ ያለ አንዳች ጠብ ያካፍለዋል! አልተረፈም፣ አልጎደለም፣ ልክ መጣ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«አያካፍሉትም» አልኳቸው። «ለገና ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ።»

እማማ አበቡ መብላታቸውን አቆሙ። እጄን አዩት፣ ሥጋ የከፈልኩበትን የቤታቸውን ዶልዱም ቢላዋ አዩት።

«እንግዲያው ከአሁኑ ሞርጂው» አሉኝ።